በወይዘሮ ዘነበች በር ላይ የቆጠርኳቸው ሳጥኖች

ለግምት ሥራ የወጣሁበት የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ነበር። የወጣሁትም መንገድ መሪ ሆኜ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ የግብር ቅርንጫፍ ተላላኪ ነበርኩ። ሥራዬ የግብር ማስታወቂያ ለነጋዴው ማድረስና በመረከቢያ መዝገቡ ላይ ማስፈረም ነው። ከአስኮ እስከ ቤቴል ያለውን ቅያስ ሁሉ፣ ውሻ የሚለቁትን ግቢዎች ጭምር፣ አውቅ ነበር። የግምት ቡድኑ መንገድ የሚያሳየው ሰው ሲፈልግ የክፍል ኃላፊው አቶ ወርቁ፣ "ደምሴን ውሰዱት፤ ብቻ አፉን ይያዝ" አሉ።

አፌን አልያዝኩም።

መጀመሪያ የገባነው አስኮ ያለ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። መደርደሪያው ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ፣ "እንደምታዩት ነው፤ ገበያው ሞቷል" አለ። ሁለቱ ኦፊሰሮች ቅጹን አውጥተው ትንሽ ቁጥር ሊጽፉ ሲሉ እኔ መደርደሪያውን እያየሁ ነበር። አቧራው ወፍራም ነው፤ በመሃሉ ግን አቧራ ያልነካቸው ክብ ክብ ቦታዎች አሉ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው።

"እዚህ ላይ ምን ነበር?" አልኩት።

"የቱ ላይ?"

"እዚህ፣ ክቡ ላይ።"

"ድስት ነበር። ተሸጠ።"

"አሥራ አራቱም ከትናንት ወዲህ?"

"አዎ፣ ምን ችግር አለው?"

"ምንም። እንግዲያው ገበያው አልሞተም ማለት ነው።"

ከኦፊሰሮቹ አንዱ ሳቁ መጥቶበት ፊቱን አዞረ። ድስቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አልጋ ሥር፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብተው ተገኙ።

ከሰዓት አቶ ወርቁ አስጠሩኝ። "ትምህርትህ እስከ ስንት ነው?" አሉ።

"ስድስተኛ ጨርሻለሁ።"

"አቧራ ማንበብ የት ተማርክ?"

"ደብዳቤ ሳደርስ ብዙ ያስጠብቁኛል። ቆሜ ስጠብቅ አያለሁ" አልኳቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት በነዋሪ ተወካይነት ቡድኑ ውስጥ አስገቡኝ፤ ቆይቶም የደመወዝ መደቤ ተለወጠና ገማች ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። በቅርንጫፋችን የእኔን ያህል ሱቅ የገባ ሰው አልነበረም፤ አሁንም የለም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ትንንሽ ነጋዴዎች፣ ደረጃ "ሐ" የሚባሉት፣ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም። መዝገብ ከሌለ ግብሩ የሚሰላው በግምት ነው። ሦስት ሰው ሱቁን ያያል፤ እያንዳንዱ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ብሎ ይጽፋል፤ የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል። በዚያ ላይ የሥራው ቀንና የትርፍ መጠኑ ይሰላና ደብዳቤ ይወጣል። ነጋዴው ሐምሌ ሳያልቅ ይከፍላል። የማይስማማ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን እንዴት እንደሚውል የሚወሰነው ግን በሦስት ሰው ዓይን ነው፤ ከሦስቱ ደግሞ የኔው ዓይን ይበልጥ ነበር።

ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም። ዲግሪ ያላቸው ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚሰጡት ለእኔ ነበር። አዋጁን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ፣ ያልገባኝን ቃል ከዳር ምልክት እያደረግኩ፣ ሁለት ክረምት አንብቤ ጨርሼዋለሁ። መቶኛ ስሌት ያስተማረኝ የለም። በጀርባው ባዶ በሆነ የቢሮ ወረቀት ላይ ራሴን አስተማርኩ። አንድ የሕግ ምሩቅ አንቀጽ ሲጠቅስ ተሳስቶ አርሜው ያውቃል። እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው፣ ሰው እየሰማ።

የአገማመት ዘዴዬን ለሚመጡት ልጆች ሁሉ አሳይቻለሁ። ሽያጩን አትጠይቁ፤ መጀመሪያ ኪራዩን ጠይቁ። ነጋዴ ስለ ሽያጩ ይዋሻል፤ ስለ ኪራዩ ግን ያማርራል እንጂ አይዋሽም። ቀጥሎ በሳምንት ስንት እስር ፌስታል እንደሚጨርስ ጠይቁ። ፌስታል ሲጠየቅ ማንም ግብር ትዝ አይለውም። ቀጥሎ ሚዛኑን እዩ። ብዙ የሚሠራ ሚዛን ሳህኑ መሃሉ ላይ ያብረቀርቃል። ከዚያ ደፉን እዩ፤ ሰው የሚረግጠው ደፍ ይበላል። በመጨረሻ ውጪ ውጡና የተጣለውን ካርቶን ቁጠሩ።

ነጋዴውም ዝም ብሎ አይገመትም። ቤቴል ውስጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነበር። በአንድ ፈቃድ ቢሠራ ደረጃው ከፍ ብሎ መዝገብ ያዝ ይባላል። ስለዚህ ባለቤቱ ሱቁን በቺፕውድ ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል በእሱ ስም፣ በቀኝ በኩል በሚስቱ ስም ፈቃድ ወጣ። የሚስማሩ ሚዛን ግን አንድ ነው። ቺፕውዱን ቀደው መሃል ላይ አስቀምጠውታል።

"ይህ ሚዛን የማን ነው?" አልኩት።

"የኔ ነው። እሷ ትዋሳለች።"

"በቀን ስንት ጊዜ ትዋሳለች?"

ሚስትየው በቀዳዳው ብቅ ብላ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ እንደ ጎረቤት ነው የምንኖረው" አለች።

"ተፋታችሁ እንዴ?"

ባልየው ሳይስቅ፣ "የተፋታነው በመንግሥት ፊት ነው፤ በእግዜር ፊት አንድ ነን" አለኝ። ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። ግምቱን ስንጽፍ ግን ሳንስቅ ሁለቱን ደመርን።

ሊያባብሉኝም ሞክረዋል። አንድ የሳንሱሲ ባለ ሥጋ ቤት ለበዓል ጠቦት ወደ ቤቴ ላከ። አስኮ ነው የምኖረው። ጠቦቱን በገመድ ይዤ በአስፋልቱ ዳር እየጎተትኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሥጋ ቤቱ ደጅ ድረስ መለስኩት። "ይህ በግ ጠፍቶባችሁ እኔ ቤት ገብቷል" አልኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ልኮልኝ አያውቅም።

አዲስ ልጆች ሲመደቡ ሰው ግብር የሚሸሽው ለምንድን ነው ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነበር፤ ስስት። ባለ ፈቃዱ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ ብሎ ዋጋ ሲለያይ ስስት ነው፤ ገዢው ያለ ደረሰኝ ይሁንልኝ ሲል ስስት ነው፤ ፈቃድ የሌለው በመስኮት ሲሸጥ ስስት ነው። ይህን ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። የቀረውን የተማርኩት ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ሳንሱሲ ውስጥ ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ከጎጃም የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። ሱቋ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮብልስቶን አፍ ላይ ነው። ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ለስላሳ መጠጥ ትሸጣለች። ከሱቋ በኋላ ቅያሱ ይጠባል፤ መኪና አያስገባም። ፈቃድ አላት። ግብሯን በየዓመቱ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ትከፍላለች። ዕቃ ማቀዝቀዣ በብድር ልትገዛ ለአንድ የብድር ተቋም አመልክታ ነበር። ተቋሙ የሚጠይቀው የታደሰ ፈቃድ ስለሆነ ለፈቃዷ ትሳሳለታለች፤ በፕላስቲክ ሸፍና ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

ያን ዓመት ቡድናችን እኔ፣ ሰላማዊት የምትባል ወጣት ኦፊሰርና ከንግድ ቢሮ የመጣ አንድ ልጅ ነበርን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። በዘነበች ደጅ፣ ከግድግዳው እስከ ኮብልስቶኑ ጠርዝ፣ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሯል። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስምንት። ግምት በአንድ ቀን አይሠራም ብዬ አምናለሁና በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን መጣሁ። ጠዋት ነው፤ አርባ አንድ። በሦስተኛው ሳምንት መጣሁ። ጠዋት ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ከአከፋፋዩ የተገኘውን መረጃም አየሁ። ግዢው ሁሉ በዘነበች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው፤ ከሳጥኑ ጋር ይገጥማል።

ሰላማዊት ቅጹን ስታይ ደነገጠች። "ጋሽ ደምሴ፣ ሱቋ እኮ ሁለት ሰው አያስቆምም። ይህን ሁሉ በየት በኩል ትሸጠዋለች?"

"በየትም ትሽጠው። ሳጥን አይዋሽም።"

"ኪራዩን ጠይቁ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ኪራዩ ትንሽ ነው። ፌስታሉም ትንሽ ነው።"

"ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፣ ልጄ። አንቺ አንድ ጊዜ ነው ያየሽው።"

ሰላማዊት ዝቅ ያለ ቁጥር ጻፈች። የንግድ ቢሮው ልጅ የእኔን አይቶ የእኔን ደገመ። አማካዩ ከፍ አለ። ደብዳቤው ሲወጣ የዘነበች ግብር ካለፈው ዓመት አምስት እጥፍ ሆነ።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ቢሮ መጣች። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ሳጥኑ የኔ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የሰው ነው።"

"ሰው ስም አለው፣ ወይዘሮ ዘነበች።"

ስም አልጠራችልኝም።

"ስም ከሌለው የአንቺ ነው" አልኳት። "በአንቺ ቁጥር ነው የተገዛው፤ በአንቺ በር ላይ ነው የተራገፈው።"

"በሬ ላይ ስለተራገፈ ነው እንዴ የኔ የሚሆነው? ዝናቡም በሬ ላይ ይወርዳል።"

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። የቅሬታ ቅጽ ሰጠኋትና ማስረጃ ይዘሽ ነይ አልኳት። ማስረጃ እንደማታመጣ ስላወቅኩ አሸናፊ እንደሆንኩ ተሰማኝ። የተናገርኩት ደግሞ ሕጉን ነው፤ አሁንም ሕጉ ያው ነው።

በነጋታው ከቤቴ በጠዋት ተነስቼ ሳንሱሲ ሄድኩ። ላጣራ አልሄድኩም። ለኮሚቴው የማቀርበው ተጨማሪ ማስረጃ ልይዝባት ነው። ከሱቋ ማዶ ከአንድ ጫማ ጠራጊ ጎን ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአከፋፋዩ መኪና መጣ። ረዳቶቹ ሳጥኑን አወረዱ፤ ሹፌሩ አንድ ደረሰኝ ጻፈ፤ ዘነበች ፈርማ ተቀበለች። እስከዚህ ድረስ እንደጠበቅኩት ነው። ከዚህ በፊት ሦስቱንም ጊዜ ያየሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ክምር ነበር፤ ቆጥሬ እሄዳለሁ።

ያን ቀን ግን ጫማዬን ለማስጠረግ ወረፋ ይዤ ስለነበር ቆየሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከጠባቡ ቅያስ ውስጥ አንድ ሰው የእጅ ጋሪ እየገፋ ወጣ። አራት ሳጥን ጭኖ ወደ ታክሲ ፌርማታው ወረደ። ቀጥላ አንዲት ሴት መጥታ ሁለት ሳጥን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ተሸክማ ወደ ውስጥ ገባች። ቀጥሎ ሁለት ወጣቶች ከፑል ቤት፣ ከዚያም ሌሎች ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ሳጥን ይመልሳል፤ የራሱን ሒሳብ ለዘነበች ይሰጣል፤ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደጁ ላይ የቀረው አምስት ሳጥን ነው። ሰባት ቤት ቆጠርኩ። ዘነበች ከላዩ ላይ ሳንቲም አላስቀረችም።

ሁለት ሳጥን የተሸከመችውን ሴት ተከትዬ ገባሁ። ሙሉ ትባላለች። በተከራየችው አንድ ክፍል መስኮት ላይ ሰሌን አንጥፋ ለስላሳና ብስኩት ትሸጣለች። በግድግዳዋ ላይ የጸሎት ቤታቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

"ጋሼ፣ ምን ልስጥዎት?"

"ፈቃድ አለሽ?"

ፊቷ ተለወጠ። የማን ሰው እንደሆንኩ ገባት። ውሸት አላወራችም፤ ይህን አደንቅላታለሁ።

"ፈቃድ ለማውጣት ሄጄ ነበር" አለች። "የቤት ኪራይ ውል አምጪ አሉኝ። አከራዬ ውል አይፈርምም። ውል ከፈረመ የኪራይ ግብር ይመጣበታል። ውል ከሌለኝ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለኝ አከፋፋዩ አይሸጥልኝም። እትዬ ዘነበች ባትኖር ይህችንም አልሸጥ።"

"ሌላ ቤት ብትከራዪስ?"

"ውል የሚፈርም አከራይ የት አለ? እርስዎ የሚያከራዩት ቤት የለዎትም?"

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። አስኮ ካለው ቤቴ ጓሮ ሁለት ሰርቪስ ቤት አለኝ። ያኔ አንደኛው ውስጥ አንድ ተማሪ፣ ሌላው ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። የማከራየው በቃል ነው። ልብስ ሰፊው ውል እንድጽፍለት ሁለት ጊዜ ለምኖኝ፣ "እኔና አንተ ምን ወረቀት ያስፈልገናል፣ ወንድሜ?" ብዬ መልሼዋለሁ። ሥራዬ ግብር ነው፤ አዋጁን በቃሌ አውቃለሁ፤ ይህን ጉዳይ ግን ከሥራዬ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ማንም ሰው ስስታም ነህ ቢለኝ እደባደብ ነበር።

ከሰዓት የክፍል ኃላፊው አቶ ሳምሶን ጋ ገባሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ አከብረዋለሁ። "የዘነበች ግምት ስህተት ነው። መታረም አለበት" አልኩት።

"የማን ስህተት ነው?"

"የኔ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ጋሽ ደምሴ፣ ተሳስቼ አላውቅም ሲሉ ነው የኖሩት።"

"አላውቅም ነበር። አሁን ተሳሳትኩ።"

"እሺ። ሳጥኖቹ የማን ናቸው?"

"የጎረቤቶቿ።"

"ስማቸውን ይጻፉልኝ። ኮሚቴው ያለ ስም አይቀበልም። ግዢው በሷ ቁጥር ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሸጠው ካልን ሌላውን ሰው ማሳየት አለብን።"

ስሙን ብጽፍ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያው ሳምንት ደንብ አስከባሪ ይሄዳል፤ የጋሪው ሰውዬ ጋሪውን፣ ሙሉም ሳጥኖቿን ያጣሉ። ዘነበችን ሳልጠይቅ አልጽፍም ብዬ ወጣሁ።

ዘነበች ሱቋ ውስጥ ዘይት እየቀዳች አገኘኋት። የመጣሁበትን ነገርኳት። ማንቆርቆሪያውን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

"ስም አይጻፍም" አለች።

"ካልተጻፈ አንቺ ትከፍያለሽ።"

"ጋሼ፣ ነገ ብሞት ድንኳን የሚተክሉልኝ እነሱ ናቸው። ግብር ቢሮ አይተክልልኝም።"

"ስለ ብድሩስ? መክፈል ካቃተሽ ፈቃድሽ አይታደስም እኮ።"

"ይሄን አስቤበታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው።" ዘይቱን ጨርሳ ቀዳችና ክዳኑን አጠበቀች። "እርስዎ ይህን ነገር ከመጻፍዎ በፊት አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ደጄ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥተዋል አሉ። አንድ ቀን ደህና አደርሽ አላሉኝም።"

ገማች ከነጋዴ ጋር ብዙ አያወራም፤ ይህ ራሴ ለልጆቹ ያስተማርኩት ደንብ ነው።

ማመልከቻዋን እኔው ጻፍኩላት፤ የራሴንም ምስክርነት አያይዤ ለኮሚቴው አስገባሁ። ስም አልጻፍኩም። በምትኩ ራሴ ያወጣሁትን ዘዴ ተጠቀምኩ። ኪራዩን፣ ፌስታሉን፣ ሚዛኑን፣ ደፉን አንድ በአንድ ጽፌ፣ ሱቁ ሊሸጥ የሚችለውን በቀን አስልቼ አቀረብኩ። የደረስኩበት ቁጥር ሰላማዊት ከጻፈችው ጋር የተለያየው በጥቂት ብር ነው። ይህን ለሰላማዊት ነገርኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አስጠርተው ጠየቁኝ። "ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ሲሸጡ በዓይንዎ አይተዋል?"

"አይቻለሁ።"

"የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። ያዩትን የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት።"

"አውቃለሁ። አንቀጹን ልንገርዎት?"

"ጋሽ ደምሴ፣ ስም ይጽፋሉ አይጽፉም?"

"አልጽፍም። የሚያስቀጣኝ ከሆነ ቅጡኝ።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። በማህደሬ ውስጥ ያለው ብቸኛ ማስጠንቀቂያ እሱ ነው። ቅጂውን ቤቴ አስቀምጫለሁ፤ የምስክር ወረቀቶቼ ባሉበት ፋይል ውስጥ ነው።

ውሳኔው ግን ዘገየ። ሐምሌ ወደ ማለቁ ሲደርስ ዘነበች ቅጣቱን ፈራች። ሐምሌ ካለፈ መቀጫና ወለድ ይጨመራል። ፈቃድ ለመመለስም ቢሆን የዓመቱን ግብር መክፈል ግዴታ ነው። ዕቁቡ የደረሰውን ሰው ለምና ተራውን ቀድማ ወሰደች። በራሷ ገንዘብ የሰባት ቤት ግብር ከፈለች፤ በዚያው ቀን፣ ዳግም እንዳልገመት ብላ፣ ፈቃዷን ከግድግዳ አውርዳ ለንግድ ቢሮ መለሰች። እኔ አልሰማሁም ነበር።

ውሳኔው የወጣው ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኮሚቴው ግምቱን ሰላማዊት ወደጻፈችው ቁጥር አወረደው። በትርፍ የተከፈለው ለሚቀጥለው ዓመት ግብሯ ይያዝላት ይላል። ደብዳቤውን ሌላ ተላላኪ እንዲያደርስ አልፈቀድኩም፤ እኔው ይዤ ሄድኩ።

የሱቁ መዝጊያ ቆርቆሮ እስከ ወገብ ድረስ ወርዷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዘነበች ውስጥ አለች፤ ከወትሮው ያነሰ ዕቃ ይዛ ትሸጣለች። ከሰንደል መደርደሪያው በላይ ፈቃዱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

"ደህና አደርሽ፣ ወይዘሮ ዘነበች" አልኳት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ጋሼ። ራስዎን እንዳይመታዎት።"

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ማንበብ ትችላለች፤ ቀስ ብላ አነበበችው።

"ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝላት ይላል" አለች።

"አዎ።"

"የሚቀጥለው ዓመት ግብር የለኝም እኮ።"

"ፈቃዱን መልሰሽ ማውጣት ትችያለሽ። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ በአንድ ቀን አስጨርስልሻለሁ።"

ደብዳቤውን አጣጥፋ ከሳሙናው ካርቶን ሥር አስገባችው። "ጋሼ፣ ላስቀይምዎት አይደለም። አሁን ቀለል ብሎኛል። ብድሩ ቀርቷል፤ ከፋኝ፣ አለፈ። መኪናው አይቆምልኝም። ሌላ ሰውዬ በራሱ ሚኒባስ ያመጣልናል፤ ትንሽ ይወደዳል፤ ደረሰኝ የለውም። ግን ማንም አይገምተኝም። ሐምሌ ሲመጣ እንቅልፌን እተኛለሁ።"

ለስላሳ ከፍታ ሰጠችኝ። ከፈልኩና ጠጣሁ። ስወጣ ቅያሱን እያየሁ ቆጠርኩ። ፈቃድ የሌላቸው ሰባት ነበሩ፤ ስምንት ሆነዋል። በዚያ ቅያስ መንግሥት የነበረው ግብር ከፋይ አንድ ብቻ ነበር። እሱን ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ወር ለልብስ ሰፊው ውል ፈረምኩለት። ፈቃዱን አወጣ። እኔም የኪራይ ግብር መክፈል ጀመርኩ፤ ብዙ አልወደድኩትም። ለሌሎች አከራዮች ስነግር የሚስቁብኝ አሉ። ከሚስቁት ውስጥ ሁለቱ በሥራ ዘመኔ የገመትኳቸው ነጋዴዎች ናቸው።

ስስት የለም አልልም። ቺፕውድ የሚያቆም ሰው ስስታም ነው፤ ድስት አልጋ ሥር የሚከትም እንደዚያው። ሳንሱሲ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ፈቃድ ማውጣት ፈልጎ በአከራይ ፊርማ የቀረ አለ። ፈቃድ ይዞ በመታመኑ የሌላውን ዕዳ የተሸከመ አለ። ግምቱ ምን ያህል እንደሚመጣ ማወቅ አቅቶት ፈቃዱን የመለሰም አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል እጠራቸው ነበር።

አሁን በግምትም ሆነ በቁጥጥር ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ዕቃ የተከመረበት ሱቅ ስታዩ ቆጥራችሁ አትሂዱ። ዕቃው ከተራገፈ በኋላ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ ባለቤቱንም ጠይቁ። እኔ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስቱንም ጊዜ ቶሎ ሄድኩ።